ዞኮሎና የበር ክፈፍ ሳይሰበሩ፣ ግድግዳም ሳይቆስል የሚነቀሉበት አሠራር

ግድግዳ ከወለል ጋር በሚገናኝበት መስመር የሚሄደው ጠባብ ጣውላ በሙያው ሰዎች አጠራር ዞኮሎ ይባላል፤ በበርና በመስኮት ዙሪያ ተመትቶ በመቃኑና በግድግዳው መካከል የቀረውን ክፍተት የሚሸፍነው ደግሞ በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ክፈፍ እየተባለ ይጠራል። ሁለቱም የሚነቀሉት አብዛኛውን ጊዜ በሌላ ሥራ ምክንያት ነው። ወለል ሲቀየር፣ በግድግዳው ግርጌ የገባ እርጥበት ሲፈተሽ፣ ሽቦ ሲዘረጋ ወይም በር ሲለወጥ ቦታ መልቀቅ ስላለባቸው ይነሣሉ፤ ሥራው ሲያልቅም ወደነበሩበት ይመለሳሉ ተብሎ ይጠበቃል። በችኮላ የተነቀለ ዞኮሎ ግን ተሰንጥቆ ወይም ጠርዙ ተጎርዶ፣ ከጀርባውም የግድግዳውን ቅርፊት ይዞ ይወጣል፤ ያን ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያልበለጠው ሥራ ስቱኮ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ቀለም የሚጠይቅ የጥገና ሥራ ይሆናል።

እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞኮሎ የነቀልኩት በጂፕሰም ቦርድ ከተሠራ ግድግዳ ላይ ነበር። መፈንቀያውን ከጣውላው ጀርባ አስገብቼ ስጫን ዞኮሎው ንቅንቅ ሳይል የመፈንቀያው ተረከዝ (የታጠፈበት ጀርባ) ቦርዱን በስቶ ገባና ቡጢ የሚያስገባ ቀዳዳ ከፈተ። ጉልበት በዝቶብኝ ነው ብዬ በሚቀጥለው ቦታ ቀስ ብዬ ብጫንም ሁለተኛ ቀዳዳ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ነው መሣሪያው የት ላይ ተደግፎ እንደሚሠራ ማየት የጀመርኩት፤ ከዚህ በታች ያለው አሠራር ሁሉ በዚህ በአንድ ነገር ዙሪያ የሚሽከረከር ነው።

ኃይሉ የሚያርፍበት ቦታ

መፈንቀያ ማለት ቀላል ማንሻ ነው። ከተረከዙ እስከ እጀታው ጫፍ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ከተረከዙ እስከ ምላሱ (ከጣውላው ጀርባ እስከሚገባው ጫፍ) ደግሞ 3 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው መፈንቀያ የእጅን ኃይል አሥር እጥፍ ያደርገዋል። በ10 ኪሎ ክብደት ያህል ቢጫኑት ጣውላውን በ100 ኪሎ ያህል ይገፋዋል፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ግን ግድግዳው የሚሸከመው የሁለቱን ድምር፣ ማለትም 110 ኪሎ ያህል መሆኑን ነው። የመፈንቀያው ተረከዝ ደግሞ ግድግዳውን የሚነካው 5 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ስፋትና በግማሽ ሴንቲ ሜትር ውፍረት ብቻ ስለሆነ፣ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ 44 ኪሎ ይወድቃል። 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና ከጀርባው ባዶ የሆነ ጂፕሰም ቦርድ ይህን አይችልም፤ አዲስ ልስን እንኳ ይፈረፈራል። ከተረከዙ ሥር 15 በ20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጠንካራ ቁራጭ ኮምፔርሳቶ ቢገባ ግን ያው ጭነት በ300 ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚሰራጭ፣ ቁራጩ ካልጎበጠ በቀር፣ ለእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ከግማሽ ኪሎ በታች ይደርሰዋል።

በቦርድ ግድግዳ ውስጥ ቦርዱን የሚይዙት ቋሚዎች አብዛኛውን ጊዜ ከመሐል እስከ መሐል በ40 ወይም በ60 ሴንቲ ሜትር ርቀት የቆሙ ናቸው። ዞኮሎው የተመታውም በእነዚሁ ቋሚዎች ላይ ስለሆነ ሚስማሩ ያለበት ቦታና ግድግዳው ጠንካራ የሆነበት ቦታ አንድ ነው። ስለዚህ መፈንቀያው ሁልጊዜ ሚስማሩ ባለበት ትይዩ ይቀመጣል። በሁለት ሚስማሮች መካከል ባለው ባዶ ቦታ መፈንቀል ከጀርባ ቦርዱን ይሰብራል፣ ከፊት ደግሞ ጣውላውን እንደ ቀስት ያጎብጠዋል።

ምን ዓይነት መሣሪያ?

ለዚህ ሥራ ተብሎ የተሠራ የእጅ መሣሪያ አለ። ጀርባው ሰፊና ጠፍጣፋ ምላስ ሲሆን፣ በምላሱ መሐል ላይ ወደ ላይ እየወፈረ የሚሄድ ሽብልቅ ተበይዶበታል፤ ከላይ በመዶሻ የሚመታበት ጠንካራ ግንባር አለው። ከዞኮሎው ጀርባ ወደ ታች ሲመታ፣ ገና ማንም ሳይጫነው፣ ሽብልቁ በራሱ ጣውላውን ከግድግዳው ጥቂት ሚሊ ሜትር ይገፋዋል፤ ሰፊው ጀርባም በግድግዳው ላይ ተኝቶ ጭነቱን ያሰራጫል። የሽብልቁና የድጋፍ ሰሌዳው ሥራ በአንድ ብረት ተጠቃሎ የቀረበ በመሆኑ በዓመት አንድ ጊዜም ቢሆን ይህን ሥራ ለሚሠራ ሰው መግዛቱ አይከፋም።

ይህ መሣሪያ ከሌለ ግን ሥራው አይቆምም። ጫፉ የታጠፈ ቀጭንና ጠፍጣፋ መፈንቀያ፣ የማይተጣጠፍ ምላስ ያላቸው ሁለት ስፓቱላዎች (አንዱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው ይመረጣል)፣ ቀላል መዶሻ፣ ከተር ከበቂ ትርፍ ምላጭ ጋር፣ አሥር ያህል ከእንጨት የተጠረቡ ሽብልቆች፣ አንድ ቁራጭ ኮምፔርሳቶና ጉጠት ይበቃሉ። ካቻቪቴን እንደ መፈንቀያ መጠቀም የተለመደ ቢሆንም እኔ አልመክረውም፤ ጠባብ ጫፉ የነካውን ሁሉ ይበሳል፣ በጣውላው የላይኛው ጠርዝ ላይ የሚተወውም ጎድጓዳ ምልክት በቀለም አይደበቅም። ትልቅ የግንባታ መፈንቀያም ቢሆን ለማፍረስ እንጂ ለዚህ የሚሆን አይደለም፤ ምላሱ ወፍራም በመሆኑ ገና ሲገባ ጣውላውን ይሰነጥቀዋል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት

በመጀመሪያ ዞኮሎው በምን እንደተያዘ ይወቁ። የማቀዝቀዣ በር ላይ የሚለጠፍ ዓይነት ትንሽ ማግኔት በጣውላው ፊት ላይ ሲሳብ ሚስማር ወይም ቡሎን ባለበት ቦታ ይይዛል፤ በያዘበት ላይ ቁራጭ የወረቀት ፕላስተር ይለጥፉ። ምልክቶቹ በ40 ወይም በ60 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ከተደረደሩ በቋሚ ላይ የተመታ ሚስማር ነው ማለት ይቻላል። በብሎኬት ግድግዳ ላይ ከሆነና በእያንዳንዱ ቦታ የጣት ጥፍር የሚያህል ክብ ስቱኮ የሚታይ ከሆነ ግን ከሥሩ በፊሸር (ግድግዳ ውስጥ በሚቀበር የፕላስቲክ መያዣ) የታሰረ ቡሎን እንዳለ ይጠርጥሩ። ቡሎን በመፈንቀል አይወጣም። ስቱኮውን በቀጭን ብረት ፈልቅቀው የቡሎኑን ጭንቅላት አጽድተው በካቻቪቴ መፍታት ግዴታ ነው፤ ይህን ሳያውቁ የሚፈነቅሉ ሰዎች ወይ ጣውላውን ለሁለት ይከፍሉታል፣ ወይ ፊሸሩን ከነልስኑ ነቅለው ያወጡታል። ማግኔቱ የትም ካልያዘ ደግሞ ጣውላው በኮላ ብቻ ተለጥፎ ሊሆን ይችላል፤ ለዚህ የሚሆነው ዘዴ ወደ ታች ተጠቅሷል።

ሁለተኛው የሚታየው ነገር ቀለሙ ነው። በአሮጌ ቤቶች የእንጨት ሥራ ላይ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) የተቀላቀለበት ቀለም ተቀብቶ ሊሆን ይችላል፤ አሜሪካ ለምሳሌ በመኖሪያ ቤት እንዳይቀባ የከለከለችው በ1978 እ.ኤ.አ. ነው። አሮጌና ብዙ ድርብ የሆነ ቀለም ከገጠመ ደረቁን መፋቅና በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አይገባም፤ የሚቆረጠውን መስመር ውኃ እየረጩ ማርጠብ፣ ከሥር ላስቲክ ማንጠፍ፣ የአፍንጫ መሸፈኛ ማድረግና ሕፃናትን ከክፍሉ ማራቅ ያስፈልጋል። ብናኙም በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል እንጂ በመጥረጊያ አይነሣም።

በዞኮሎው ጀርባ ሽቦ ወይም ቀጭን የውኃ ቧንቧ የሚሄድበት ቤትም አለ። ሶኬት ከዞኮሎው በላይ ቅርብ ከሆነ ወይም ጣውላው ራሱ ሶኬት የተሸከመ ከሆነ የክፍሉን መብራት ከቆጣሪው ሳጥን ያጥፉ። ከዚያ መነጽርና ጓንት ያድርጉ፤ የተወጠረ ሚስማር ሲለቅ የቀለምና የስቱኮ ፍርፋሪ ወደ ፊት ይረጫል።

ጣውላዎቹ ተመልሰው የሚገጠሙ ከሆነ ከመነቀላቸው በፊት ቁጥር ይሰጣቸዋል። ከበሩ በስተግራ ተጀምሮ እንደ ሰዓት አቆጣጠር ክፍሉን በመዞር 1፣ 2፣ 3 እየተባለ በእያንዳንዱ ጣውላ ፊት ላይ በፕላስተር ይጻፋል፤ ከተነቀለ በኋላ ያው ቁጥር በጀርባው በእርሳስ ይገለበጣል። ሁሉም ጣውላዎች ተመሳሳይ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ግድግዳ ፍጹም ቀጥ ያለ ማዕዘን ስለሌለው የአንዱ ጫፍ በሌላው ማዕዘን አይገጥምም።

አንድ፦ መጋጠሚያውን መቁረጥ

በዚህ ደረጃ ላይ የሚቆጠብ ጊዜ የለም። በዞኮሎው የላይኛ ጠርዝና በግድግዳው መካከል ያለው መስመር ባለፉት ዓመታት በተደራረበ ቀለም፣ አንዳንዴም በሲሊኮን ወይም በሌላ ማሸጊያ ተጣብቋል። ሳይቆረጥ ከተፈነቀለ የቀለሙ ቆዳ ከጣውላው ጋር ተያይዞ ወደ ላይ እየተላጠ ይሄዳል፤ በጂፕሰም ቦርድ ላይ ደግሞ የቦርዱን ወረቀት አብሮ ይቀድዳል፣ የተቀደደ ወረቀት ደግሞ ከሁሉም ለመጠገን አስቸጋሪው ነው።

ከተሩን ወደ ግድግዳው አስተኝተው፣ የምላጩን ጫፍ ወደ መጋጠሚያው ሥር አነጣጥረው፣ በቀላሉ ሦስት አራት ጊዜ ይሳቡት። አንድ ጊዜ በኃይል መሳብ ምላጩን ያስወጣውና ግድግዳው ላይ ረጅም ጭረት ይጥላል፤ ደጋግሞ በቀስታ መሳብ ግን የመጀመሪያው ጭረት ለሚቀጥለው መንገድ እየሆነለት በመስመሩ ያስኬደዋል። ምላጩ ሲደነዝ መቁረጡን ትቶ መቅደድ ይጀምራል፤ ይህን የሚያውቁት ከመስመሩ የሚወጣው ቀለም ቀጥ ባለ ክር ፈንታ በቁርጥራጭ ሲረግፍ ነው። ያን ጊዜ የምላጩን ጫፍ ሰብረው አዲሱን ያውጡ። ማሸጊያው ወፍራም ከሆነ አንድ መስመር አይበቃም፤ አንዱን ከግድግዳው ጎን፣ ሁለተኛውን ከጣውላው ጎን ቆርጠው መሐሉን እንደ ገመድ ስበው ያውጡት። ከወለሉ ጋር የሚገናኝበት መስመር፣ ማዕዘኖቹና ዞኮሎው የበሩን ክፈፍ የሚነካበት ቁመታዊ መስመርም እንዲሁ ይቆረጣሉ። ይህ የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ከዚያም የክፈፉ ቀለም በትልቁ ይነሣል።

ሁለት፦ ከየት መጀመር እንደሚገባ

ዞኮሎው እግር ላይ ሌላ ቀጭን የሩብ ክብ እንጨት ተደርቦ ከሆነ በቅድሚያ እሱ ይነሣል። ቀጭን ስለሆነ ስፓቱላ ብቻ ይበቃዋል፤ የሚሰበረውም በትንሽ ምክንያት ስለሆነ በእያንዳንዱ ሚስማር ላይ እየቆሙ መሄድ ያስፈልጋል።

የዞኮሎው ተራ የሚወሰነው በማዕዘኑ አገጣጠም ነው፤ ለማወቅም ከላይ ወደ ታች ማየት ብቻ ይበቃል። በክፍሉ ውስጠኛ ማዕዘን ላይ የመጋጠሚያው መስመር በሰያፍ፣ ማለትም በ45 ዲግሪ የሚታይ ከሆነ ሁለቱም ጣውላዎች እኩል ስለተቆረጡ ከየትኛውም ቢጀመር ለውጥ የለውም። መስመሩ ሰያፍ ካልሆነና አንደኛው ጣውላ እስከ ግድግዳው ጥግ ድረስ ገብቶ ሌላው ፊቱን ተደግፎ የቆመ ከሆነ ግን፣ ሁለተኛው በመጀመሪያው ቅርጽ ልክ ተፈልፍሎ ከላዩ የገጠመ ነው። ይህ ተፈልፍሎ የገጠመው መቅደም አለበት። ጥግ ድረስ የገባው አስቀድሞ ከተነቀለ የሌላውን ስስ ጫፍ ይዞት ይሄዳል፤ ያ ጫፍ አንዳንዴ ከወረቀት ብዙ ስለማይወፍር ይቆረሳል፣ ተመልሶም አይሠራም።

ረጅም ግድግዳ ላይ ሁለት ጣውላዎች በሰያፍ ተደራርበው ሲቀጠሉም ሕጉ ያው ነው፤ ከላይ የተነባበረው ይቀድማል። ወደ ውጭ የወጣ ማዕዘን ግን የራሱ ጣጣ አለበት። እዚያ ሁለቱ ሰያፍ ጫፎች በኮላ ተጣብቀው፣ አልፎ አልፎም ከአንዱ ወደ ሌላው በሚያልፍ ቀጭን ሚስማር ተሰፍተው ይገኛሉ። በከተር መስመሩን ከፍተው፣ ሁለቱንም ጣውላዎች በጥቂት በጥቂቱ እያፈራረቁ ከግድግዳው ያርቋቸው፤ ተያይዘው ከመጡም ሳይለያዩ በአንድነት ያውርዷቸውና መለያየቱን በጠረጴዛ ላይ ያድርጉት።

ሦስት፦ መክፈት

ጥሩ መነሻ የሚሆነው የጣውላው ነጻ ጫፍ ነው፤ ይኸውም ብዙ ጊዜ በበሩ ክፈፍ አጠገብ ያለው ነው። ከጫፉ ቀጥሎ ባለው የመጀመሪያ ሚስማር ትይዩ ሰፊውን ስፓቱላ ከላይ ወደ መጋጠሚያው አስገብተው እጀታውን በመዶሻ በቀስታ ይምቱት። ምላሱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሲሰምጥ እዚያው ይተዉት፤ ከእንግዲህ ሥራው ግድግዳውን መሸፈን ነው። ሁለተኛውን ስፓቱላ በመጀመሪያውና በጣውላው መካከል ያስገቡና እጀታውን ወደ ግራና ቀኝ ትንሽ ያወዛውዙት። የብርሃን መስመር ሲታይ ክፍተቱ ለመፈንቀያው ምላስ በቅቷል።

የመፈንቀያው የታጠፈ ምላስ ከጣውላው ጀርባ ወደ ታች ይገባል፣ ተረከዙ በኮምፔርሳቶው ላይ ያርፋል፣ እጀታውም መጀመሪያ ወደ ክፍሉ ወጣ ብሎ ይቆማል። ከዚያ እጀታው ወደ ላይና ወደ ግድግዳው ይገፋል። ብዙ ሰው በተፈጥሮው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ እጀታውን ወደ ራሱ ይስባል። ወደ ራስ ሲሳብ መፈንቀያው የሚደገፈው በጣውላው ስስ የላይኛ ጠርዝ ላይ ስለሆነ ጠርዙ ይደቅቃል፤ የምላሱ ጫፍ ደግሞ ከጀርባ በማይታየው ቦታ ግድግዳውን ይወጋል። ሽብልቅ የተበየደበት ልዩ መሣሪያ ካለ ይህ ሁሉ ያጥራል፤ በሚስማሩ ትይዩ በመዶሻ ወደ ታች ይመታል፣ ሰፊው ጀርባ ግድግዳው ላይ እንደተኛ እጀታው በቀስታ ይነቃነቃል፣ ወደ ቀጣዩ ሚስማር ይታለፋል።

በመጀመሪያው ዙር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ መክፈት አያስፈልግም። ክፍተቱ እንደተገኘ አንድ የእንጨት ሽብልቅ ይወተፍበትና መፈንቀያው ወደሚቀጥለው ሚስማር ይሄዳል። አንዱን ጫፍ እስከ መጨረሻው መፈንቀል ፈጣን ቢመስልም፣ የቀረው ጣውላ በሚስማር እንደተያዘ ስለሚታጠፍ መጀመሪያ በሚያገኘው ቁጽ ላይ ይሰነጠቃል፤ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥ ከሚስማሩ ላይ ይቆረጣል። ጣውላው ከዳር እስከ ዳር 5 ሚሊ ሜትር ከራቀ በኋላ ተመልሶ ሽብልቆቹን ጠለቅ ማድረግና ሁለተኛውን ዙር መሄድ ይገባል። በሁለተኛው ዙር ሚስማሮቹ አብዛኞቹ ግማሽ ያህል ወጥተው ስለሚገኙ ጣውላው በእጅ ተይዞ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

ጆሮዎም እዚህ ላይ ይሠራል። ከእንጨት እየወጣ ያለ ሚስማር ረዘም ያለ የሲጥሲጥታ ድምፅ አለው፤ ይህ መልካም ምልክት ነው። አጭርና ደረቅ «ቀጭ» ሲሰማ ግን እጅን ማቆም ያስፈልጋል፤ ወይ ጣውላው ወይ ቦርዱ መሰንጠቅ ጀምሯል ማለት ነው፣ መፈንቀያውም ምናልባት ከሚስማሩ መስመር ወጥቷል።

አራት፦ እምቢ ያለ ጣውላ

ሁሉም ሚስማር ለቆ አንዱ ብቻ ካልለቀቀ ጉልበት መጨመር ትክክለኛ መልስ አይደለም። ሁለት መንገድ አለ። የመጀመሪያው የሴጌቶ (የብረት መጋዝ) ምላጭ ብቻውን፣ ከመያዣው ወጥቶ አንደኛው ጫፉ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ በተከፈተው ክፍተት በኩል ይገባና ሚስማሩን ከጣውላው ጀርባ ይቆርጠዋል። ለዚህ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይበቃል፤ ቆራጩ ወደ ግድግዳው ሳይሆን በሚስማሩ ላይ ብቻ እንዲሄድ ግን ስፓቱላ ከግድግዳው ጎን መቀመጥ አለበት። ሁለተኛው ጫፉ ደፍጣጣ የሆነ ቀጭን ብረት በሚስማሩ ጭንቅላት ላይ አቁሞ በመዶሻ በመምታት ሚስማሩን በጣውላው ውስጥ አሳልፎ ወደ ቋሚው መስደድ ነው። ጣውላው ነጻ ይወጣል፣ ሚስማሩ ግድግዳው ላይ ይቀራል፣ በጣውላው ፊት ላይም ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብቻ ይተርፋል። ጭንቅላቱ ትልቅ በሆነ ሚስማር ላይ ይህን ማድረግ እንጨቱን ይሰነጥቃልና ለቀጭን ሚስማር ብቻ ይሁን።

በኮላ የተለጠፈ ዞኮሎ ከሁሉም ትዕግሥት የሚፈትን ነው። የፀጉር ማድረቂያ በ20 ሴንቲ ሜትር ክፍል ላይ ለሁለት ሦስት ደቂቃ ሲያዝ አንዳንድ ኮላዎች ይለሰልሳሉ፤ ከዚያ ስፓቱላው እየተመታ ይገባል፣ እንደገና ይሞቃል፣ እንደገና ይገባል። ሙቀት የማይበግረው የግንባታ ኮላ ከሆነ የሴጌቶ ምላጩን ከግድግዳው ጋር አስተኝተው ኮላውን ራሱን ይቁረጡት። እንዲህ ሆኖም የቦርዱ ወረቀት ጥቂት መነሣቱ አይቀርም፤ በኮላ የተለጠፈውን ያለ አንዳች ጠባሳ አወጣለሁ ማለት ከእውነታው የራቀ ነው። ከሴራሚክ የተሠራ ዞኮሎ ደግሞ በሲሚንቶ ወይም በሴራሚክ ማጣበቂያ ስለሚያዝ ሳይሰበር የሚወጣው በዕድል ነው፤ ትርፍ ሴራሚክ ከሌለ ባይነካ ይሻላል።

አምስት፦ የበር ክፈፍ

ክፈፍ ከዞኮሎ የሚለየው በሁለት መስመር ሚስማር መያዙ ነው። በውስጠኛው ጠርዝ በኩል በቀጭንና በአጭር ሚስማር ከመቃኑ ጋር፣ በውጭኛው ጠርዝ በኩል ደግሞ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር በሚሆን ሚስማር ከግድግዳው ቋሚ ጋር ተመትቷል። ስለዚህ መጋጠሚያው በሁለቱም በኩል ይቆረጣል፤ መፈታትም የሚጀምረው ከመቃኑ ጎን ነው፤ ሚስማሩ ትንሽ ስለሆነ በስፓቱላ ብቻ ይላላል። ከዚያ በውጭኛው ጠርዝ በኩል ከታች ወደ ላይ እየሄዱ ከዞኮሎው ጋር በተመሳሳይ መንገድ ሽብልቅ እየወተፉ ይከፍቱታል። በመቃኑ ላይ መፈንቀያ ማስደገፍ ግን አይገባም፤ መቃን ትንሽ ከተገፋ በሩ መዘጋት ያቆማል፣ ይህም ከተሰበረ ክፈፍ የባሰ ችግር ነው።

ሁለቱ የጎን ክፈፎች ከላይኛው ጋር በ45 ዲግሪ በሚገናኙበት ጥግ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች ወይም ከጎን ወደ ውስጥ የተመታ አንድ የተደበቀ ሚስማር ይኖራል። የጎኑ ክፈፍ እስከ ጥጉ ድረስ ለቆ ጥጉ ላይ ብቻ ከያዘ ምክንያቱ ይኸው ሚስማር ነው። የሴጌቶ ምላጩን በሰያፉ መስመር ውስጥ አስገብተው ይቁረጡት። የጎኖቹ ከወረዱ በኋላ የላይኛው ብቻውን ስለሚቀር በሁለት ሰው ቢያዝ ይመረጣል፤ ረጅም ከሆነ አንደኛው ጫፍ ሲለቅ በራሱ ክብደት ይወርድና ሌላኛውን ጫፍ ይገነጥላል።

ስድስት፦ ሚስማሮቹን ማውጣት

ጣውላው በእጅ ከገባ በኋላ የሚደርሰው ጉዳት የሚያሳዝን ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው። ከጀርባ የወጣውን የሚስማር ጫፍ በመዶሻ መትቶ ወደ ፊት ማስወጣት የተለመደ አሠራር ቢሆንም፣ የሚስማሩ ጭንቅላት ሲወጣ በዙሪያው ያለውን ስቱኮና ቀለም፣ ከእንጨቱም ስንጣሪ ይዞ ይፈነዳል። ትክክለኛው አቅጣጫ በጀርባ በኩል ነው። ጣውላው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ በጨርቅ ላይ ይተኛል፤ ሚስማሩ ከጣውላው ጀርባ አጠገብ በጉጠት ጠበቅ ተደርጎ ይያዝና ጉጠቱ በክብ ጉንጩ ላይ ወደ ጎን ይንከባለላል። በጉንጩና በጣውላው መካከል ስስ ላሜራ ቢገባ ጀርባውም አይጎዳም። የዚህ ዓይነቱ ሚስማር ጭንቅላት ትንሽ ስለሆነ በእንጨቱ ውስጥ አልፎ በጀርባ ይወጣል፤ በፊት ለፊት ያለው የስቱኮ ጠብታ ሳይነቃነቅ ስለሚቀር አንዳንዴ ቀለም እንኳ መንካት አያስፈልግም። እምቢ ያለውን በጉጠት ከጀርባው ልክ ቆርጦ መተው ይቻላል። ኤምዲኤፍ ላይ ግን ከጀርባው እብጠት ሊነሣ ስለሚችል ከተነቀለ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ሲመለስ ከግድግዳው ጋር አይተኛም።

የወጡት ጣውላዎች ፊት ለፊት ተጋጥመው፣ ጥንድ ጥንድ እየታሰሩ፣ በደረቅ ቦታ ወለል ላይ በአግድም ይቀመጣሉ። ግድግዳ ላይ አስደግፎ ማቆም በጥቂት ቀናት ውስጥ ያጎብጣቸዋል፤ ኤምዲኤፍ ደግሞ ከእርጥብ ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ እግሩ ያብጥና ወደ ቀድሞው አይመለስም።

የግድግዳው ጠባሳ

በግድግዳው ላይ የቀሩ ሚስማሮች ይነቀላሉ ወይም ይቆረጣሉ፣ የተንጠለጠለ ቀለምም ይጸዳል። የጂፕሰም ቦርዱ ወረቀት የተላጠበት ቦታ ካለ የተንጠለጠለው ወረቀት በከተር ዙሪያው ተቆርጦ ይነሣ፤ የተገለጠው ቡናማ ወረቀት በስቱኮ ከመሸፈኑ በፊት የመሠረት ቀለም መቀባት አለበት። ይህ ካልሆነ ከስቱኮው የሚወጣው እርጥበት ወረቀቱን ያሳብጠዋል። ተመሳሳይ ቁመት ያለው ዞኮሎ የሚመለስ ከሆነ ግን ከመስመሩ በታች ያለው ጠባሳ ስለማይታይ በእሱ ላይ ጊዜ ማጥፋት ትርፉ ድካም ነው።

ግድግዳው ክፍት ሆኖ ሳለ የቋሚዎቹን ቦታ በወለሉ ላይ በፕላስተር ምልክት ያድርጉ፤ ዞኮሎው ሲመለስ አዲሱ ሚስማር ከአሮጌው ቀዳዳ ጥቂት ወደ ጎን፣ ነገር ግን በዚያው ቋሚ ላይ እንዲያርፍ የሚያስፈልገው ይኸው ምልክት ነው።